የሺአረግ እና የአቡጀዲው መጋረጃ

የሺአረግ ስትናገር ትጮኻለች። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው የተጣላችው ይመስለዋል፤ የሚያውቃት ደግሞ እውነትም ተጣልታው ሊሆን ስለሚችል ዝም ብሎ መስማቱን ይመርጣል። ጨው ስትለምን ትጮኻለች፣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ትጮኻለች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታንሾካሹክ እንኳ ከፊት የቆሙት ሰዎች ዞረው ያይዋታል።

ጥፋቱ የጉሮሮዋ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ድሬዳዋ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽመና ክፍል ቆማለች። እዚያ መቶ ምናምን ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። ድምፅ የለም፤ አፍን ሰፋ አድርጎ ቃሉን መቅረጽ ብቻ። አንዷ ከስድስት ማሽን ማዶ ሆና «ዛሬ ምን ቋጥረሽ መጣሽ?» ትላለች፣ ሌላዋ «ሽሮ ነዋ፣ ምን ሊኖር!» ትላለች፣ በመካከላቸው የሚንጎራደደው ካቦ ደግሞ ሁለቱም ዲዳ ሆነው ሲሠሩ አይቶ ደስ ይለዋል። ፊት ለፊቱ ስንት ጊዜ እንደተሰደበ ቢያውቅ ኖሮ ሥራውን ይለቅ ነበር። ታዲያ ከስምንት ሰዓት ጩኸት በኋላ ከበሩ ሲወጡ ጆሯቸው ገና ይንጫጫልና አገሩ ሁሉ የደነቆረ ይመስል ይናገራሉ።

የሺአረግ ግን ከሁሉም ትብሳለች። እሷ ላይ ከማሽኑ ሌላ ንዴትም አለ፤ ንዴቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ባሏ ሌላ ሴት ለመደ። እሷም አንድ ቀን ምሳ እየበላ ሳለ ፊቱ ቆመችና «ወይ እሷ፣ ወይ እኔ!» አለች። ሰውየው ጉርሻውን ዋጠና «እሷ» አለ። የሺአረግ የእንጨት ሣጥኗን ጋሪ ላይ አስጭና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አልፋ ወጣች። ማንም አልከለከላትም። ወሩ ሳይሞላ የከተማ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ ተባለና ያ ሰው ከነአዲሷ ሚስቱ የነበረበት ቤት ላይ ተመዘገበ፤ የሺአረግ ግን አጎቷ ጓሮ በቆርቆሮ የተሠራች ማድቤት ውስጥ ቀረች። ያኔ ያስወጣት ኩራት ነበር፤ ኩራቱ ደግሞ ጣሪያ አልሆናትም።

በዚያ ሰሞን ፊት ለፊቷ ካሉት ማሽኖች ላይ የተመደበች አዲስ ሠራተኛ ነበረች። ዘነበች ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግ ልጅ። የሺአረግ እንባዋ ዓይኗን ጋርዷት ድሩ ሲበጠስባት፣ ዘነበች ከራሷ ማሽን እየሮጠች መጥታ ትቋጥርላት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ምን ሆንሽ አላለችም፣ አይዞሽ አላለችም፤ ትመጣለች፣ ትቋጥራለች፣ ትሄዳለች። የሺአረግ በዚች ዓለም ላይ ስድቧን ቀምሶ የማያውቅ አንድ ሰው ካላት ይቺ ዘነበች ናት።

እንግዲህ ይህን ያወቀ፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የሆነውን ሲሰማ አይገርመውም።

ዘነበች የባቡር ጥገና ሠራተኛ ከሆነው ከገብረወልድ ጋር ሰባት ዓመት ኖራለች። አልሞሸሩም፣ አልተፈራረሙም፤ ግን በሶማሊያ ጦርነት ድሬዳዋ በመድፍ ስትደበደብ አንድ አልጋ ሥር ተኝተው የተረፉ ሰዎች ስለሆኑ ሰፈሩ እንደ ባልና ሚስት ነበር የሚያያቸው። ልጅ አልወለዱም። አንድ እሁድ ገብረወልድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ፣ «አዲጋላ ልጅ አለኝ፤ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቱንም እሱንም ላመጣቸው ነው» አላት። ሐዲድ ጥገና እያለ በየወሩ አዲጋላ ሲያድር የኖረው ለካ እዚያ ቤት ነው። እህል ውኃቸው በዚያች ቀን አለቀ።

ዘነበች ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ በከንፈሯ ነገረቻት። ጨርሳም «ዛሬ ልብሴን ይዤ መልካ ጀብዱ እህቴ ጋ ልገባ ነው መሰለኝ» አለች።

የሺአረግ ማሽኗን አቆመች። ማሽን ያለ ምክንያት ማቆም ያስቀጣል፤ እሷ ግን ቅጣቱ ትዝም አላላት። ስድስት ማሽን አቋርጣ ሄዳ የዘነበችን ትከሻ ያዘችና ፊቷን ፊቷ ላይ ደቅና፣ «ከዚያ ቤት ንቅንቅ ብትዪ ዓይንሽን አላይም!» አለቻት።

ቤቱ ምን ቤት ነው! አራት እርምጃ በአምስት እርምጃ የሆነች አንዲት የቀበሌ ክፍል ናት፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ ከፊት ለፊቷ ከሌሎች አምስት ቤቶች ጋር የምትጋራው ግቢ። ግን በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ከእጅ የወጣች ክፍል ተመልሳ አትገኝም ነበርና፣ ዘነበችም ገብረወልድም እንደ ነፍሳቸው ያዟት። ነገሩ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ደረሰ።

የሸንጎው ሊቀመንበር ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ጸሐፊ፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ለዚህ ሥራ ከሳቸው የባሰ ሰው አይገኝም።

«ጓዶች፣» አሉ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ቤት የለም። ለሁለታችሁም የምሰጠው ሌላ ቤት የለኝም።»

«እኔ እንኳ ለራሴ ብዬ አይደለም፣» አለ ገብረወልድ። «ልጅ አለኝ። አዲጋላ ሙቀቱ እየገደለው ነው።»

«ስትወልደው ሙቀት መሆኑን አላየህም?» አለች የሺአረግ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ። ገብረወልድ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አንቺ ማነሽ? ምን አገባሽ?» ብሎ ዞረ።

«ያገባኛል እንጂ! ሰባት ዓመት እግርህን ያጠበች ልጅ አፍ የላትም ብለህ ነው? አፏ እኔ ነኝ!»

ጋሽ ወልደጻድቅ ጠረጴዛውን ደጋግመው መቱ። በኋላም እንዲህ ብለው ፈረዱ፤ ሌላ ቤት እስኪገኝ ድረስ ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት ትከፈል፣ ሁለቱም በየድርሻቸው በሰላም ይኑሩ፣ ሠላሳ ቀን በተከታታይ ያላደረ ግን ድርሻውን እንደለቀቀ ይቆጠራል። «በሰላም» የሚለውን ቃል ሲናገሩ የሺአረግን አዩዋት። እሷም አየቻቸው።

በዚያው ቀን የሺአረግ ሣጥኗን ተሸክማ ዘነበች ድርሻ ውስጥ ገባች። መጋረጃውንም ያመጣችው ራሷ ናት፤ ፋብሪካው ለሠራተኛ የሚሸጠው፣ ጠርዙ ላይ የሽመና ጉድለት ያለበት ነጭ አቡጀዲ። የቀበሌው ጸሐፊ ወለሉ ላይ በኖራ ባሰመረው መሥመር ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጠረችና ዘረጋችው። መስኮቱ በዘነበች በኩል፣ የበሩ እኩሌታ ደግሞ በየድርሻቸው ዋለ። ገብረወልድ ቀበሌ ሄዶ «ሦስተኛ ሰው ገባችብኝ» ብሎ ከሰሰ። ጋሽ ወልደጻድቅ «እስቲ አነጋግራታለሁ» አሉ። እስከ ዛሬም አላነጋገሯትም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ስድስት ሳምንት የግቢው ሰው ሲያወራው «ጦርነቱ» ይለዋል። ገብረወልድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጫት ሊቅም ሲቀመጥ፣ የሺአረግ በዚያች ደቂቃ ቤት መጥረግ ያምራታል፤ አቧራው በመጋረጃው ሥር ያልፍና ጫቱ ላይ ያርፋል። ሬዲዮኑን ከፍ ሲያደርግ ድስት ትፈትጋለች። አንድ ጊዜ የጫማው አፍንጫ የኖራውን መሥመር በሁለት ጣት አልፎ አገኘችውና አንሥታ ግቢ ወረወረችው፤ የጎረቤታቸው የኻድራ ፍየል ክሩን በላችው። ገብረወልድም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የጫቱን ገራባ ሆን ብሎ በመጋረጃው በኩል ይገፋል፣ ሲያልፍ ባልዲያቸውን በእግሩ ይመታል፣ «ባል አጥታ የሰው ትዳር የምትጠብቅ» እያለ ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ ይተርታል።

ከሁሉ የሚያበግነው ግን ዝምታቸው ነበር። ሁለቱ ሴቶች በመጋረጃው ወዲህ ሆነው በከንፈር ሲያወሩ ድምፅ አይሰማም፤ ብቻ ጥላቸው አቡጀዲው ላይ ይንቀሳቀሳል። ገብረወልድ እየተሰደበ እንደሆነ ይታወቀዋል፣ ምን ተብሎ እንደሆነ ግን አያውቅም።

«አሁን ምን አለችኝ?» ብሎ መጋረጃውን ይጠይቃል።

«አፍህ ሸተተን ነው ያልኩት!» ትላለች የሺአረግ፣ አሁን በድምፅ።

በዚህ ሁሉ መሐል ዘነበች ከሳች። ጉንጯ ገባ፣ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ማሽኗ ላይ ቆማ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ቀነሰች። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ «የሺ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ብለን እንዋል እባክሽ» አለቻት።

«ዝም ያልኩ ጊዜ ነው ቤቴን ያጣሁት፣» አለች የሺአረግ። ደግሞም ዝም ብላ አታውቅም ነበር፤ ያኔም ጮኻ ነው የወጣችው። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ እንዲህ ይሳሳታል። «ገና አንድ ወር ብትይዢ እሱ ራሱ አዲጋላው ይገባል። ከስቶ አላየሽውም?»

የከሳችው ማን እንደሆነች ያየችው ኻድራ ነበረች። ኻድራ ቀፊራ ገበያ የግመል ወተት የምትሸጥ፣ ግቢው ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የገባች ሶማሌ ሴት ናት፤ ከየሺአረግ ጋር በየቀኑ ካልተሟገቱ ምግብ አይረጋላቸውም። አንድ ጠዋት የወተት ቅሏን እያጠበች ጠራቻት።

«ናያ የሺ! ነይ እስቲ፣ አባዮ፣ እህቴ። ይቺ ልጅ አላለቀሰችም።»

«ለምን ታለቅሳለች? ለዚያ ውሻ?»

«ወላሂ ታለቅሳለች እንጂ! ሰባት ዓመት አቦ! እኔን ሰውዬዬ የፈታኝ ጊዜ ሴቶቹ መጡ፣ ሦስት ቀን ቁጭ አሉ። ማንም አልተሳደበም። ሻይ ጠጡ፣ እኔ አለቀስኩ፣ በቃ አለቀ። አንቺ ቀን ከሌት እየጮኽሽ፣ እሷ መቼ ታልቅስ?»

«ማን ጠየቀሽ? ወተትሽን ሽጪ!» አለች የሺአረግና ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ነገሩ ግን እንደ እሾህ አንድ ቦታ ገብቶባት ዋለ። ነቅላ ለማየት ጊዜ አልነበራትም፤ ያን ቀን ገብረወልድ የበሩን መቀርቀሪያ ደብቆ ነበርና ሙሉ ጉልበቷን የወሰደው እሱ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ዘነበች ራሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ቀረች። የሺአረግ በስምንት ሰዓት ስትወጣ ቤት አልሄደችም፤ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት ቀፊራ ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ ዘነበች የምትወደውን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጅያ በጋዜጣ አስጠቅልላ ተመለሰች። መንገድ ላይ አንድ የጋሪ ነጂ ጠጋ ብሎ ቢያልፋት የሰባት ትውልዱን ስም አነሣችበት። ቀኑ እንደ ወትሮው ነበር ማለት ነው።

ግቢው በር ላይ ስትደርስ መስኮቱ ተከፍቶ አየች። ዘነበች መስኮቱ አጠገብ ቆማለች፤ ፊት ለፊቷ፣ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ፣ ገብረወልድ። በመጋረጃው ወዲህ! በእነሱ ድርሻ! የሺአረግ አፏን ከፈተች፤ የዚያን ጊዜ ልታወጣው የነበረው ቃል ቢወጣ ኖሮ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ግን ዘነበች እየተናገረች ነበር። በሹክሹክታ ነው፤ ከአሥር እርምጃ ላይ ድምፅ አይሰማም። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ማሽን ፊት የኖረ አፍ ሲያንሾካሹክም ቃሉን ሰፋ አድርጎ ይቀርጻል። የሺአረግ ሳትፈልግ አነበበችው። ያንን ከንፈር አለማንበብ አትችልም።

«ልጅህን አምጣው፣» አለ የዘነበች ከንፈር። «ቤቱን ውሰደው። እኔ መልካ ጀብዱ እህቴ ጋ እገባለሁ።»

ገብረወልድ አንድ ነገር አለ፤ ጀርባውን ስለሰጠ አልታየም።

«ይቅር ብዬህ አይደለም። ጠልቼሃለሁ፣ ስሞትም እጠላሃለሁ። ግን ደከመኝ። አንድ ቀን ፀጥ ያለ ቤት ውስጥ መተኛት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዘነበች ወደ መጋረጃው ዞር ብላ አየችና ተመለሰች። «የሺን ግን አንተ ንገራት። እኔ አልችልም። እፈራታለሁ።»

ገብረወልድ ሁለት እጁን አንሥቶ ወደ ኋላ አለ። ያን እጅ ለመረዳት ከንፈር ማንበብ አያስፈልግም፤ እሱም ይፈራታል።

የሺአረግ እንደ ቆመች ቀረች። የባጅያው ዘይት ጋዜጣውን አልፎ መዳፏን አቃጠላት፤ አልጣለችውም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተመልሳ ከግቢው በር ውጪ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ተናደደች። ይቺ ውለታ ቢስ! ስድስት ሳምንት እንቅልፌን ሰጥቼ፣ ጉሮሮዬን ሰጥቼ! ከዚያ ከሃዲ ጋር ተማክራ እኔን! ስድቡን ሁሉ በሆዷ ደረደረችው፤ አንዱም ግን ዘነበች ላይ አልጣበቅ አላት። «እፈራታለሁ» የሚለው ቃል መጣ። ደግሞ መጣ። እሷ የምታውቀው ዘነበች ገብረወልድን እንደምትፈራ ነበር። ያቺ ልጅ ላይ የጮኸችበትን ቀን ለመቁጠር ሞከረችና አንድም አጣች፤ ከዚያ ደግሞ እሷ አጠገብ ያልጮኸችበትን ቀን ፈለገች፤ እሱንም አጣች። ያኔ አፈረች። ፊቷ እስኪግል፣ ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ነጠላዋን እስክትከናነብ አፈረች። ዘነበች ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክሯን ስትቋጥርላት አንዲት ቃል ተናግራለች? አልተናገረችም። የሺአረግ ያንን ውለታ ልትመልስ የመጣችው በዚህ ሁሉ ኡኡታ ነው።

ኻድራ ከገበያ ስትመለስ እዚያው አገኘቻት። አንድ ጊዜ አየቻትና የወተት ቅሏን አውርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። የሺአረግ ባጅያውን ሰጠቻት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ በሉት፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ቢያይ ኖሮ አንዳቸው ሊሞቱ ነው ይል ነበር። ከዚያ የሺአረግ ተነሥታ፣ እንዲሰሟት ከበሩ ጀምራ እየሳለችና እየተራገመች ገባች። ገብረወልድ በመጋረጃው ወዲያ ነበር።

እንዲነግሯት ጠበቀች። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ። ገብረወልድ መጋረጃው ዳር ይመጣና ጉሮሮውን ያጠራል።

«የሺ… እህቴ…»

«ምን?!»

«አይ፣ ቧንቧ ውኃ መጥቷል ወይ ልል ነበር።»

ዘነበችም ማሽኗ ላይ ቆማ ከንፈሯን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። በሦስተኛው ቀን የሺአረግ ገባት። እነዚህ ሰዎች በፍጹም አይነግሯትም። እሷን እየፈሩ፣ መጋረጃውን እንደ ወጠሩ፣ እዚያች አራት በአምስት ክፍል ውስጥ ያረጃሉ። ያዲጋላው ልጅም እዚያው ጎርምሶ ሚስት ያገባል። ይህን ነገር መጨረስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ዝም ብሎ መውጣት የማይሆንለት ሰው ነው። እውነቱን ተናግራ ብትወጣ ዘነበች በሐፍረት ትሞታለች፤ ደግሞም እንደምንም ብላ «አትሂጂ» ትላለች። የሺአረግ የምታውቀው አወጣጥ አንድ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲመለሱ ነገር ፈለገች። እንዳጋጣሚ ነገር ጠፋ። ጫማው መሥመሩን አላለፈም፣ ሬዲዮኑ ዝግ ነው፣ ገራባ የለም። ገብረወልድ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ጣሪያ ያያል። በመጨረሻ በሩ ሥር የተቀመጠ ውኃ የሞላ ጄሪካን አየች። ዘነበች ጠዋት የቀዳችው ነው፤ ትንሽ ወደ ገብረወልድ ድርሻ ገፋ ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ውኃ ነው፣» አለች ዘነበች።

«ውኃ መሆኑን አውቃለሁ! ለማን ነው የቀዳሽው? ለሱ? ውኃ እየቀዳሽለት ነው እኔ እዚህ የምቃጠለው?»

«የሺ፣ እኔኮ…»

«እኔኮ የለም! በቃኝ! ሰምተሻል? በቃኝ! አንቺን ብዬ ቤቴን ትቼ፣ የዚህን ሰውዬ ኩርፊያ ችዬ፣ አንቺ ውኃ ትቀጂለት! ከእንግዲህ ቤት ብትይዢ፣ ቤት ብትለቂ፣ ገደል ብትገቢ አያገባኝም! ቤት ማለትም ይሄ ነው? የዶሮ ቆጥ! ስድስት ሳምንት ጀርባዬን የበላኝ!»

ግቢው ሁሉ ወጣ። የሺአረግ እየጮኸች ልብሷን ሣጥኗ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ክዳኑ እምቢ ቢላት ተቀመጠችበት። ዘነበች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እንባዋ መውረድ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የሺአረግ አየችው፤ ጩኸቱን ግን ማቆም አልቻለችም፤ ብታቆም መልሳ የምትቀመጥ መሰላት።

«ደግሞ ይሄ የኔ ነው!» አለችና ገመዱን ከምስማሩ ላይ ፈታችው። አቡጀዲው ወለሉ ላይ ወረደ። ዘነበችና ገብረወልድ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ምንም ነገር በመካከላቸው ሳይኖር፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ተያዩ። ወለሉ ላይ የኖራው መሥመር ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በእግር ብዛት ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የሺአረግ ጨርቁን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከተተች።

በሩ ላይ ስትደርስ ወደ ገብረወልድ ዞረች። የመጨረሻውን ስድብ እየጠበቀ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«የልጅህን አልጋ መስኮቱ ሥር አድርገው!» ብላ ጮኸችበት። «አንተ ድንጋይ! እዚያ ነው ነፋስ የሚገባው!»

ጋሪ ያስቆመችላት ኻድራ ናት። ሣጥኑን አብረው አነሡት። ያው ሣጥን ነው፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው፤ የከዚራ ዛፎችም ያው ናቸው። የሺአረግ በዚያ ጥላ ሥር ሣጥን ይዛ ከቤት ስትወጣ ይህ ሁለተኛዋ ነው። በዚህኛው ግን አንገቷን ቀና አላደረገችም፤ አቡጀዲውን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ጋሪ ነጂውንም ሳትሰድብ ወደ አጎቷ ጓሮ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ማሽናቸው ላይ ነበሩ። የሺአረግ ፊቷን ወደ ጨርቁ አቀርቅራ ሠራች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሰውን መስማት ያልፈለገ አለማየት ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ሆና ሁለት ሰዓት ቆየች። በኋላ ግን አንገቷ ራሱ ከዳትና ቀና አለች። ዘነበች እያየቻት ነበር። ዓይኗ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን ነው፤ አብጦ፣ ግን ደግሞ ታጥቦ።

«ማን ነገረሽ?» አለ ከንፈሯ።

የሺአረግ ያልገባት ለመምሰል ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ልጁ እንደሚመጣ። እኔ እንደምለቅ። ማን ነገረሽ? እሱ ነው?»

«አንቺ ነሽ፣» አለች የሺአረግ በከንፈሯ። «በመስኮት።»

ዘነበች እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዚያ መስኮት ምን ምን እንዳለች ታስባለች፤ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ይታያል። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

የሺአረግ ወደ ማሽኗ ዞረች። ምንም የሚታያት ነገር አልነበረም፤ ድሩም ማጉም አንድ ነጭ ጭጋግ ሆኖባታል። ክር ተበጠሰ። ማሽኑ ቆመ። እሷ ግን አላየችውም፤ የቆመ ማሽን ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆመች። አንድ ሰው አጠገቧ መጣ። ቀጫጭን ጣቶች በጎኗ አልፈው ድሩ ውስጥ ገቡና የተበጠሰውን ጫፍ ፈለጉ።

«ተዪው፤» አለች የሺአረግ በከንፈሯ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየደረሰ። «እጄ አልተቆረጠም። ሂጂ ወደ ማሽንሽ።»

ዘነበች ግን አንገቷን ደፍታ ክሩን እየቋጠረች ስለነበር አልሰማችም።